ቂም ይዞ ወዳጃ

በ1992 ዓ.ም. በልግ ዝናብ አልጣለም። ገብሱ በጥር መጨረሻ ተዘርቶ፣ በየካቲት እንደ መርፌ ጫፍ ብቅ ብሎ፣ በመጋቢት ቢጫ ሆነ። እኔ ያኔ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ይሆነኛል። ከመካነ ሰላም ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ፣ ግማሽ ቀን በእግር በሚያስኬድ ቀበሌ፣ ከእናቴ ጋር ሁለታችን እንኖር ነበር።

ረሃቡን አላህ አሳልፎልናል፣ አልሐምዱሊላህ። እኔ ዘንድ የቀረው መንገዱ ነው።

ከቤታችን ወደ ምንጩ የሚወስደው መንገድ አንድ ማሳ ሰንጥቆ ያልፋል። ሰፈርተኛው ሁሉ በዚያ ይመላለሳል። እናቴና እኔ ግን በገደሉ አፋፍ፣ በቁልቋሉ በኩል ዞረን ነበር የምንሄደው። ሲሄዱ ባዶ እንስራ ስለሆነ አያስቸግርም። ሲመለሱ ግን ዳገቱ ወገብ ይቆርጣል። ለምን እንደምንዞር እናቴ ነግራኝ አታውቅም። ብጠይቃት «በዚያ አይኬድም» ትለኛለች፤ ሌላ ቃል አትጨምርም። ማሳው ላይ ጅን ያለ መሰለኝ። ሌሎቹ ሰዎች ለምን እንደማይነካቸው ግን አልገባኝም ነበር።

ባለፈው ዓመት ለለቅሶ ወደዚያው አገር ሄጄ ነበር። ከቀብር ስንመለስ ካፊያ ጣለ። ትቢያው ረጥቦ ያ የማውቀው ሽታ ወጣ፣ ከጭቃ በፊት የሚመጣው። ልጆቼ ወደ ምንጩ ውሰጂን አሉኝ። ይዣቸው ሄድኩ። ግማሽ መንገድ ከደረስን በኋላ ነው በገደሉ አፋፍ እየዞርኩ መሆኔን ያየሁት። ትልቋ «እማ፣ ሰዉ ሁሉ በዚያ ነው እኮ የሚሄደው» አለችኝ። ምን ልበላት። እንግዲህ ልጻፍላት ብዬ ነው።

ማሳው የአባቴ ነበር። አባቴ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሹም ሆኖ ነበር። መንግሥት ተለወጠ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ አባቴ ወደ ዓባይ በረሃ ለሥራ ወርዶ ወባ ይዞት ተመለሰ፤ አልተነሣም። እሱ ከሞተ በኋላ መሬት ሲሸነሸን ድሮ ሹም የነበሩ ሰዎች «ቢሮክራት» ተባሉ። ቢሮክራት የተባለ ሰው ማሳው ይቀነሳል፣ ሞቶም ቢሆን። ጥቁሩ መሬት ከእኛ ወጣ። ድንጋያማው ቀይ መሬት ቀረልን።

ገመድ ይዞ የለካው አያ ሙሄ ነው። አያ ሙሄ የአባቴ የአጎት ልጅ ነው፤ አብረው አንድ ገበታ በልተው ያደጉ። ያኔ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሆኖ ነበር። ጥቁሩ መሬት ለእሱ ልጅ ደረሰ።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ኋላ ነው። በዚያን ጊዜ የማውቀው ትልልቅ ሰዎች ስለ አባቴ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቢሮክራት ነበር» እንደሚሉ ነው። የገደለው በሽታ ስሙ ይህ መሰለኝ። አንድ ቀን አያ ሙሄን መንገድ ላይ አግኝቼ፣

«አያ ሙሄ፣ ቢሮክራት በትንኝ ነው የሚመጣው?» አልኩት።

ሳቀ። ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ቆመበት። ኪሱን ዳብሶ ከረሜላ ሰጠኝ። እናቴ ከረሜላውን ስታይ ማን እንደሰጠኝ አልጠየቀችም። ለጎረቤት ልጅ እንድሰጥ አደረገችኝ።

እናቴ ለአያ ሙሄ ሰላምታ አትጀምርም ነበር። እሱ ሰላም ካላት ትመልሳለች፤ መመለስ ግዴታ ነው። ከመመለሱ ሌላ አንድም ቃል አታተርፍም።

ቁርኣን የምቀራው ሸህ አራጋው ዘንድ ነው። ሸህ አራጋው ዓይናቸው የደከመ፣ ድምፃቸው ያልደከመ ሽማግሌ ነበሩ። ለውህ በምንለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ በጥላሸት ቀለም ይጽፉልናል፤ በቃላችን ስንይዘው አጥበን ሌላ እናስጽፋለን። እጣቢውን እግር በማይረግጠው ቦታ ነው የምናፈስሰው። በዚያ በልግ ምንጩ እየቀጠነ ሄዶ ለውህ የምናጥብበት ውሃ ጠፋ። አንዱ ሱራ ሰሌዳችን ላይ ሰነበተ። በየቀኑ ያንኑ ስንቀራ፣ አላህ አዲስ ነገር መናገር የተወ መሰለኝ።

ሰዉ ወዳጃ እናድርግ አለ። ወዳጃ በእኛ አገር ጭንቅ ሲመጣ እስላም ክርስቲያን ሳይባል ሰፈርተኛው አንድ ላይ ተቀምጦ የሚለምንበት ነው። ሽማግሌ ዱዓ ያደርጋል፤ የቀረው አሚን ይላል። የእኛን ወዳጃ የሚመሩት ሸህ አራጋው ነበሩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግቢያቸው ውስጥ ስንቀራ አያ ሙሄ ከአንድ ወጣት ጋር መጣ። ወጣቱ ከወረዳ የተላከ ካድሬ ነው፤ ጫማው ትቢያ ለብሶ ከለሩ ጠፍቶ ነበር። ምርጫ ቀርቦ ስለነበር ሁለቱም የምርጫ ቆብ አድርገዋል። ሸህ አራጋው ቁርበት አስነጠፉላቸው። እኛ ንባባችንን ዝቅ አድርገን ጆሯችንን ጣልን።

«ሸህ አራጋው» አለ ካድሬው፣ «መንግሥት በሃይማኖት ጣልቃ አይገባም። ሃይማኖትም በመንግሥት ጣልቃ አይገባም። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።»

«ደግ» አሉ ሸህ አራጋው።

«ነገር ግን ወቅቱ የምርጫ ነው። ሕዝብ የሚሰበሰብበት ሁሉ ፈቃድ ይፈልጋል።»

«ደግ።»

«ፈቃዱን እንሰጣለን። እኛም እንገኛለን። እግረ መንገድዎን ምርጫው ሰላም እንዲሆን፣ ፓርቲያችንም እንዲቀናው፣ ዱዓው ላይ አንድ ቃል ጣል ቢያደርጉልን።»

ሸህ አራጋው ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ።

«ጣልቃ አይገባም ያልከኝ የቱ ነበር ልጄ?»

አያ ሙሄን ሳል ያዘው።

«ለሰላሙ ሳትነግሩኝም አደርጋለሁ» አሉ ሸህ አራጋው። «ለማሸነፍ የሚደረግ ዱዓ ግን አልተማርኩም። መምጣቱን ኑ፤ ወዳጃ ሰው አይመልስም። ደንብ አለው፤ ሙሄ ያውቀዋል። እጅ ከመነሣቱ በፊት የበደለ አፉ በሉኝ ይላል፤ የተበደለ አፉ ይላል። ቂም የተቀመጠበት ወዳጃ ወደ ላይ አይወጣም። በደንቡ የምትቀመጡ ከሆነ ኑ።»

አፉ ማለት ይቅርታ ነው። ካድሬው «ችግር የለውም» ብሎ ተነሣ። አያ ሙሄ ግን ቁርበቱን ሲያስተካክል ቆየ፤ የተስተካከለ ቁርበት ነበር።

እኔ ከካድሬው ንግግር የሰማሁት «የተለያዩ ናቸው» የሚለውን ነው። አክስቴ ከባሏ ተለያይታ ነበር። ከተለያዩም በኋላ ሰውየው ምሳ ሰዓት ሲደርስ ከበሩ አይጠፋም፤ እሷም ታቀርብለታለች። መንግሥትና ሃይማኖትም እንዲሁ የተፋቱ ባልና ሚስት መሰሉኝ። ማታ ለእናቴ ብነግራት ከብዙ ጊዜ በኋላ ጥርሷን አየሁት።

ከዚያ በኋላ ሰዉ መታረቅ ጀመረ። በበሬ የተጣላው፣ በድንበር የተጣላው፣ በምላስ የተጣላው፣ ሁሉም እየሄደ አፉ ተባባለ። ዞሮ ዞሮ የቀረችው እናቴ ሆነች። አያ ሙሄ አልመጣም፤ ሰዎች ግን እሱን ትተው እሷን ይጠይቁ ጀመር። ምንጩ ጋ ወረፋ ስንጠብቅ አንዷ ሴት፣

«ዘይነባ፣ አንቺ ብቻ እኮ ነሽ የቀረሽው» አለቻት። «አፉ በይውና ዝናቡ ይለቀቅልን። የልጆቻችንን ጉሮሮ ለምን ትዘጊብናለሽ?»

ጎረቤታችን እማማ ብዙነሽ ከኋላ ነበሩ። እማማ ብዙነሽ ክርስቲያን ናቸው፤ ወዳጃ ቀርተው አያውቁም።

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት፤ እውነት ነው» አሉ። «ግን እኔ እስከማውቀው ገመድ ይዛ ሰው ማሳ የገባችው ዘይነባ አይደለችም። ሰማዩን የዘጋችው እሷ ከሆነችማ ምርጫውን ለእሷ እንስጣት፤ አቅም ያላት እሷ ናት ማለት ነው።»

ሴቶቹ ሳቁ። የጠየቀችውም ሳቀች። እናቴ «ቅጂ» አለችኝ፣ ተራችን ደርሶ ነበር።

እኔ ግን አልሳቅሁም። ዝናቡን እናቴ ይዛው እንደሆነ አመንኩ። ስትተኛ ደረቷን አያለሁ፤ ስታዛጋ አፏ ውስጥ እመለከታለሁ። አንዲት ቃል ብትወጣ ሰማዩ የሚከፈት ይመስለኝ ነበር። ለምን እንደማታወጣት ልጠይቃት ፈልጌ ፈራሁ። ያን ሰሞን ራታችን ንፍሮ ነበር፤ እሷ ጠግቤአለሁ እያለች የእሷን ወደ እኔ ትገፋለች። ጠግባ መስሎኝ እበላለሁ።

አንድ ቀን ብቻዬን ወደ ምንጩ ስትልከኝ በማሳው ሄድኩ። ጅን አልነበረም። ስንጥቅጥቅ ያለ ጥቁር መሬት፣ የጠወለገ ገብስ፣ ዳር ላይ አንድ የድንጋይ ክምር ነው የነበረው። ድንጋዩ ከማሳው ውስጥ አንድ በአንድ ተለቅሞ የተደረደረ ነው፤ ትልቁ ከታች፣ ትንሹ ከላይ። ማን እንዲህ አድርጎ ይደረድራል ብዬ ገረመኝ። ላዩ ላይ ቁጭ ብዬ አረፍኩ።

ቤት ስደርስ እናቴ እግሬን አየች። የእኛ መንገድ ትቢያው ቀይ ነው። እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጥቁር ሆኗል። እንስራውን አወረደችልኝ። ከዚያው ከአመጣሁት ውሃ፣ ለሰው መጠጫ ከሚሰፈረው ውሃ፣ በጣሳ ቀድታ እግሬን አጠበችኝ። አልተቆጣችም። በጣቶቼ መሃል ሳይቀር አጠበችኝ። ስትጨርስ እጣቢውን ደጅ አልደፋችውም፤ ይዛው ሄዳ የጓሮው ጌሾ ሥር አፈሰሰችው።

«ድንጋዩን አየሽው?» አለችኝ።

«አየሁት።»

«አባትሽ ነው የደረደረው።»

ወዳጃው ሐሙስ ረፋድ ላይ ሆነ። ቦታው ከመንደሩ በላይ፣ ሸንተረሩ ላይ ያለው ትልቁ ወይራ ሥር ነው። ዝናብ ሲለመን ጥጃ ከላሟ፣ ግልገል ከእናቱ ይለያል፤ ጩኸታቸው እንዲያሳዝን። እኛንም ልጆቹን ከእናቶቻችን ለይተው ፀሐይ ላይ አስቀመጡን። ወንዶቹ በቀኝ፣ ሴቶቹ በግራ ተቀመጡ። እማማ ብዙነሽና ሌሎቹ ክርስቲያኖችም በየወገናቸው ገቡ። ካድሬው የእጅ ድምፅ ማጉያ ይዞ ከአያ ሙሄ ጎን ቆመ።

«እሱን አስቀምጠው ልጄ» አሉት ሸህ አራጋው። «የምንለምነው ሩቅ አይደለም።»

አስቀመጠው።

አፉ መባባሉ ተጀመረ። አንድ ሰውዬ ተነሥቶ ጎረቤቱን «አህያህን በድንጋይ የመታሁት እኔ ነኝ፣ አፉ በለኝ» አለ። ጎረቤቱም «አውቄአለሁ፤ እኔም ዶሮህን የበላሁት ለዚያ ነው፣ አፉ በለኝ» አለ። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ሳቁ በረደ። ጥጆቹ ብቻ ይጮኻሉ።

«የቀረ አለ?» አሉ ሸህ አራጋው።

ሁሉም የሚያየው ወደ እናቴና ወደ አያ ሙሄ እንደሆነ እኔም አየሁ። አያ ሙሄ ቆቡን አስተካክሎ ተነሣ።

«ጀመዓ» አለ፣ «ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መሬት ያከፋፈልኩት እኔ አይደለሁም፤ መንግሥት ነው። እኔ የተባልኩትን ገመድ ነው የያዝኩት። ዘይነባ ቅሬታ ካላት ስለ ሕዝቡ ስትል አፉ ትበል።»

ካድሬው ራሱን ነቀነቀ። «ትክክል ነው። ቅሬታ በአስተዳደር በኩል ይቀርባል፤ እዚህ ቦታው አይደለም።»

ሴቶቹ እናቴን ከበቧት። «በይ እንጂ ዘይነባ።» «ስለ ሕፃናቱ።» «አንድ ቃል ናት እኮ።» እኔም ከሩቅ በልቤ በይ፣ በይ እላለሁ። እናቴ መሬት መሬት ታያለች።

«ተዉአት» አሉ ሸህ አራጋው። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ያልተጠየቀ አፉ አይባልም።»

ከዚያ መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ጠበቁ። ፀሐይዋ ናላ ታዞራለች። ካድሬው ሰዓቱን አየ። አንድ ሕፃን አልቅሶ አልቅሶ ደክሞት ተኛ። ወዳጃው እንዲሁ ሊበተን እንደሆነ ገባኝ፤ ከዚያ ሁሉም ሰው እናቴን ይጠላታል ብዬ ፈራሁ።

«ሙሄ» አሉ ሸህ አራጋው ከቆዩ በኋላ። «መንግሥት እዚህ መጥቶ ቢሆን እሱን እጠይቀው ነበር። አልመጣም። የመጣኸው አንተ ነህ።»

አያ ሙሄ ቆቡን አወለቀ። ፊቱን ጠረገበት። ካድሬው ቀስ ብሎ «ጓድ ሙሄ፣ ተቀመጥ» ሲለው ሰማሁት፤ እኛ ልጆቹ ለእነሱ ቅርብ ነበርን። አልተቀመጠም። ቆቡን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ወደ ሴቶቹ ወገን ጥቂት ራመድ ብሎ ዓይኑን ሰብሮ ቆመ። ያለ ቆብ ሳየው አርጅቷል።

«ዘይነባ» አለ። «ገመዱን ስይዝ የወንድሜ ማሳ እንደሆነ አውቅ ነበር። ለልጄ ሲደርሰውም ዝም አልኩ። አፉ በይኝ።»

እናቴ ሻሿን አጠበቀች። ከዚያ ቀና አለች።

«ለሙሄ አፉ ብያለሁ» አለች። «ለመሬቱ አላልኩም። መሬቱን የወሰደው መጥቶ አልጠየቀኝም።»

ሰዉ አጉረመረመ። ይህ ይበቃል፣ አይበቃም የሚል ነበረበት። ካድሬው የሆነ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ። ሸህ አራጋው ቀደሙት።

«ከሰው ከዚህ በላይ አይጠየቅም» አሉ፤ እጃቸውንም አነሡ።

ዱዓው ረጅም ነበር። ለዝናቡ፣ ለከብቱ፣ ለነፍሰ ጡሮቹ፣ በየሰው አገር ለሚንከራተቱት ልጆች፣ ለክርስቲያኑም ለእስላሙም። እኛ አሚን እንላለን። ካድሬው ለፓርቲው ጣል የምትደረገውን ቃል እየጠበቀ ነበር መሰለኝ፤ አንገቱን አስግጎ ይሰማ ነበር። መጨረሻ ላይ ሸህ አራጋው፣

«ያ ረቢ፣ የሚገዙንን ፍርድ ስጣቸው፤ እኛንም ትዕግሥት ስጠን» አሉ።

«አሚን» አልን። አያ ሙሄም አለ። ካድሬውም አለ፤ አሚን የተባለበትን ዱዓ ሳይቀበሉ ዝም ማለት ለማንም አይቀልም።

ያን ቀን አልዘነበም። እኔ እስከ ማታ ደጅ ተቀምጬ ሰማዩን ጠበቅሁ። ደመና እንኳ አልነበረም። ቃሏ ወጥታለች፤ ታዲያ ምን ቀረ? ገብቼ እናቴን ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ ለምን አልዘነበም?»

«ለመንን እንጂ አላዘዝንም» አለችኝ።

የበልጉ ገብስ አልተረፈም። የእርዳታ ስንዴ መጣ፤ የሚያሸትና የነቀዘ ነበር፣ በላነው። ምርጫው ተደረገ፤ ያሸነፈው አሸነፈ። ሰዉ ስለ እሱ ብዙም አላወራም። ከክረምቱ በፊት አያ ሙሄ ከሊቀመንበርነቱ ተነሣ፤ ለምን እንደተነሣ የሚያውቁት ከተነሣ በኋላ ደስ ያለው ይመስላል ይሉ ነበር። ክረምቱ ዘግይቶም ቢሆን ገባ፤ ለውሆቻችንን አጠብን፤ ሸህ አራጋው አዲስ ሱራ ጻፉልኝ። ጥቁሩ መሬት አልተመለሰም። እናቴ በቀዩ መሬት አሳደገችኝ፣ አልሐምዱሊላህ።

ይህ ሁሉ ኋላ ነው። ከወዳጃው ማግስት፣ ዓርብ ጠዋት፣ እናቴ ሱብሒ ሰግዳ እንስራዋን አዘለች። እኔም ትንሿን ጄሪካን ይዤ ተከተልኳት። አየሩ ደረቅ ነው፣ የትቢያ ሽታ ብቻ ነው ያለው። መንገዱ ሁለት የሚሆንበት ቦታ ስንደርስ አያ ሙሄ ማሳው አፍ ላይ ቆሟል። ሌሊት ሌሊት መግቢያውን የሚዘጋውን እሾህ አንሥቶ ወደ ጎን ይዞታል። እንድናልፍ ነው።

እናቴ ቆመች።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ሙሄ» አለች።

እሷ ስትጀምር ሰምቼ አላውቅም ነበር። እሱም አልጠበቀ ይሆናል።

«ወአለይኩም ሰላም ወረሕመቱላሂ» አለ፣ እሾሁን እንደያዘ።

እናቴ የእንስራዋን ገመድ ከትከሻዋ ላይ አስተካከለች። ከዚያ በገደሉ አፋፍ፣ በቁልቋሉ በኩል ዞረች።